ከሴቻ በትከሻ የወረደችው ጽጌረዳ

እውነቱን ልናገር? ጽጌረዳ አልወድም። ወድጄም አላውቅ። እሾህ ያለው ነገር ደጃፌ ላይ ተንጠላጥሎ ቀሚሴን ሲቦጭቅ፣ ነጠላዬን ሲይዝ፣ ያን ሁሉ ዓመት ችዬ የኖርኩት ለኦይታ ስል ነው። በአጥራችን በኩል የሚያልፍ ሰው ሁሉ ግን «አገኘሽ፣ አበባሽ እንዴት ያምራል!» ይለኛል። አበባሽ! የኔስ ባልዲው ነው፤ አበባው የሱ ነበር።

ኦይታ ባሌ ነው። የመሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር፤ ላንድሮቨር ላይ ያረጀ ሰው። አንድ ጊዜ ኃላፊዎች ይዞ ጨንቻ ሲወጣ፣ አንድ የጸሎት ቤት ግቢ ውስጥ እስከ ጣሪያው የወጣች ሮዝ ጽጌረዳ አየና ልቡ ቀረ። ዘበኛውን ለምኖ አንድ ቅርንጫፍ አስቆረጠ። በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ፣ ከወንበሩ ሥር ሸጉጦ፣ ያንን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ይዟት ወረደ።

«የጨንቻን ብርድ የለመደች ነገር በዚህ ሙቀት ትበቅላለች ብለህ ነው?» አልኩት።

«እኔስ የደጋው የዶርዜ ልጅ አይደለሁ? በቅዬ የለም እንዴ?» አለኝ። ኦይታ እንዲህ ነው፤ መልስ አይጠፋውም።

በቀለች። እንዴት እንደበቀለች የማውቀው ግን እኔ ነኝ። ከተማችን አርባ ምንጭ በምንጭ ስም ትጠራለች፤ ቧንቧችን ግን ሲፈልግ ያስላል፣ ሲፈልግ ያፏጫል እንጂ ውሃ የሚሰጠው በስንት ልመና ነው። በርሜል አጠራቅሜ፣ በባልዲ ቀድቼ፣ ከቢሮ በፊትና ከቢሮ በኋላ አጠጣለሁ። እኔ ታይፒስት ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ጣቶቼ ሲመቱ ውለው ማታ ደግሞ እሾህ ይወጋቸዋል። ነፍሳት ሲወርሯት የዕቃ እጣቢ እረጫለሁ። እምቡጥ ስታወጣ ጦጣ ከጫካው ወጥቶ እንዳይበላት መጥረጊያ ይዤ እሮጣለሁ። ኦይታ ከመስክ ሲመለስ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ያዛል። «ቅርንጫፏን ወደ ጎን አስተኚው እንጂ አገኘሽ! ቀጥ ብላ ከወጣች ጫፏ ላይ ብቻ ነው የምታብበው። ወደ ጎን ስትተኛ ከየአንጓዋ ታወጣለች።» እሺ ጌታዬ። በቃጫ አስሬ አስተኛኋት።

መደገፊያውን የሠራላት ታናሽ ወንድሙ ሲሳይ ነው። ዶርዜ ሸማኔ ነው፤ ቀርከሃም እንደ ጨርቅ ነው የሚሸምነው። በረንዳችን ፊት እንደ ሰፊ ግድግዳ አቆመላት፤ ጽጌረዳይቱም እያንዳንዷን ቀዳዳ እየገባች እየወጣች፣ በመጨረሻ ቀርከሃው ይሁን ግንዱ እስከማይለይ ድረስ አንድ ሆኑ። አበባዋ ሲፈነዳ፣ እህ፣ አልዋሽም፣ ታምራለች። ማማሯ ግን ውሃ አይቀዳልኝም።

ከዚያ የእግሩ ነገር መጣ።

ስኳር ላለበት ሰው ከአርባ ምንጭ የባሰ አገር አለ? ሙዙ በየደጁ፣ ማንጎው በየመንገዱ። ሐኪም ከለከለህ ስለው «አልበላሁም» ይለኛል፤ የመኪናው ወንበር ሥር ግን የሙዝ ልጣጭ አገኛለሁ። ስኳሩ ቀስ በቀስ እግሩን አደነዘዘውና፣ አንድ ቀን ከኮንሶ መንገድ ሲመለስ የሞተሩ ግለት የቀኝ እግሩን ጣቶች ሲጠብሳቸው አልሰማም። እቤት ገብቶ ጫማውን ሲያወልቅ ሽታውን ቀድሜ የሰማሁት እኔ ነኝ። «ኧረ ኦይታ፣ እግርህ!» ስለው «ምን ሆነ?» ይለኛል።

ጎረቤታችን ሲስተር ቦንቱ ነርስ ናት። ከወለጋ ለሥራ መጥታ እዚሁ የቀረች፣ እጇ ቀላል፣ አፏ ከባድ። ቁስሉን እንዴት እንደማጥብና እንደማስር አሳየችኝ። ጧት ጧት በረንዳው ላይ አስቀምጬው፣ እግሩን በርጩማ ላይ ዘርግቼ አጥባለሁ። ታዲያ ኦይታ አንድ ቀን እንኳ ወደ እግሩ አያይም። አገጩን ቀና አድርጎ ወደ ጽጌረዳዋ ዞሮ «ያቺ ከላይ ያለችው እምቡጥ ነገ ትፈነዳለች። በግራ በኩል ያለችውን አላሰርሻትም፣ ንፋስ ይሰብራታል» እያለ ያወራል። እኔ ከታች የሞተ ሥጋ አነሳለሁ፤ እሱ ከላይ አበባ ይቆጥራል።

ጣቶቹ ጠቆሩ። ሆስፒታል ወሰድነው። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ አልሸፋፈነም። «አባባ፣ አሁን ከፈቀዱ ከጉልበትዎ በታች ቆርጠን እናድንዎታለን። ከቆዩ ወደ ላይ ይወጣል። የበለጠ ከቆዩ ደግሞ እግር ብቻ አይሆንም» አለው።

ኦይታ ባርኔጣውን አደረገ። «ሙሉ ሆኜ ተወልጃለሁ፣ ሙሉ ሆኜ እቀበራለሁ» ብሎ ተነሳ።

መንገዱን ሁሉ ለመንኩት። ለቅሶዬ አልቆ ቁጣ ሆነ፣ ቁጣዬ አልቆ ዝምታ ሆነ። ልጃችን ኖላዊት አዋሳ ትማራለች፤ እሷም መጥታ አለቀሰች፣ ተመለሰች። የቤተክርስቲያን ሽማግሌዎች መጡ፣ ጸለዩ፣ መከሩ። «እሺ፣ አስብበታለሁ» ብሎ ሸኛቸው። ሲወጡ «አበባዋን ውሃ አጠጣሻት?» አለኝ። እግዜር ያሳያችሁ!

በዚህ ላይ ቤቱ። የምንኖረው በላይኛው ሰፈር በሴቻ፣ በመሥሪያ ቤቱ ቤት ነበር። ኦይታ መንዳት ካልቻለ ቤቱ ለሚነዳው ነው፤ ሕጉ ነው፣ ማንንም አልወቅስም። በሰማንያ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ያውም በየካቲት፣ ምድር እንደ ምጣድ በጋለበት ወር ልቀቁ ተባልን። ታችኛው ሰፈር ሲቀላ ሁለት ክፍል ቤት አገኘን። ዕቃችን ምን አለው? አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ ድስት። ልቤ ውስጥ ደስ ያለኝ አንድ ነገር ቢኖር ጽጌረዳዋ መቅረቷ ነው። እፎይ ልል ነበር።

«እሷንም ይዘናት ነው የምንሄደው» አለ ኦይታ።

«እንዴት ተደርጎ?»

ሲስተር ቦንቱ አጥሩ ጋ ቆማ ትሰማለች። «መውሰዱስ ይቻላል» አለች። «ግን ሥሯ ሲነቀል ያን ሁሉ ቅጠል አትችልም። ከላይ ያለውን በሙሉ ቁረጡት። ጉቶዋን ብቻ ውሰዱ፣ ከታች ታቆጠቁጣለች። እናቴም ቤት እንዲህ ነው የምናደርገው።»

ኦይታ ቀና ብሎ አያት። «ሲስተር፣ አንቺ መቁረጥ ብቻ ነው የተማርሽው?»

ሲስተር ቦንቱ እኔን አየችኝ፤ እኔም መሬት አየሁ። ኦይታ ወደ ዶርዜ መልእክት ላከ።

ሲሳይ ከመንደሩ ወንዶች ጋር መጣ። ዶርዜዎች ቤት ይሸከማሉ። ያላየ ሰው አያምንም፤ ቤታቸው እንደ ትልቅ ቅርጫት ከቀርከሃ የተሸመነ ስለሆነ፣ ምስጥ ግርጌውን ሲበላው ወንዶቹ ውስጥ ገብተው በአንድ ድምፅ ብድግ ያደርጉትና ሌላ ቦታ ወስደው ይተክሉታል። «ቤት የሚሸከም ሰው አንድ ጽጌረዳ ያቅተዋል?» አለ ኦይታ። እነሱም ምን ገዷቸው፣ «አያቅተንም» አሉ። የሥሯን ዙሪያ ቆፍረው ከነአፈሩ በጆንያ ጠቀለሉ። የቀርከሃውን ግድግዳ ከነቅርንጫፏ፣ ከነቅጠሏ፣ ከነአበባዋ ከበረንዳው ነቅለው ትከሻቸው ላይ አነሱት። አንድ ቅጠል አልተቆረጠባትም።

ከሴቻ ወደ ሲቀላ ያለው መንገድ ቁልቁለት ነው። ሰዎቹ ሆ እያሉ ይወርዳሉ፤ ኦይታ ደግሞ የሥራ ጓደኛው በሚነዳት ፒካፕ ከኋላ እየተከተለ፣ በመስኮት እጁን አውጥቶ «ወደ ግራ! ሽቦውን ተጠንቀቁ!» ይላል። ሲቀላ ሲደርሱ ሻይ ቤት የተቀመጠው ሁሉ ወጣ። አንዷ ሴትዮ «ሠርግ ነው እንዴ?» ብላ ስትጠይቀኝ ምን ብዬ ልመልስ? «አዎ፣ ሙሽራዋ ያቻት» አልኳት። በሳቅ ሞተች። እኔ ግን እንባዬ መጣ።

ሲቀላ ከመድረሳችን በፊት፣ መሀል መንገድ ላይ ዛፍ ጥላ ሥር ሲያርፉ ሲሳይ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። ፊቱን በጋቢው ጠርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እትዬ አገኘሽ፣ ቤት ስናነሳኮ ምስጥ የበላውን አንሸከምም። እዚያው አፈር ውስጥ ጥለነው ነው የምንሄደው። ቤቱ ትንሽ ያጥራል። ግን ይኖራል።» ይህን ሲል ዓይኑ ፒካፗ ላይ ነው።

«ለኔ ምን ትነግረኛለህ? ለሱ ንገረው እንጂ!»

«ታላቄ ነው» አለ። «ታላቄን ተቆረጥ ልለው?» ሄዶ ቀርከሃው ሥር ገባ።

ተከልናት። ያን ዕለት ማታ ኦይታ አዲሱ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ልክ እንደ ሴቻው ፊት ለፊቱ ቆማ ሲያያት «አየሽ? ምንም አልሆነችም» አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ቅጠሏ ተንጠለጠለ። ሲቀላ ከሴቻ ይሞቃል፤ ንፋስ የለ፣ ጥላ የለ። ጧት አጠጣለሁ፣ ከቢሮ በምሳ ሰዓት ሮጬ መጥቼ አጠጣለሁ፣ ማታ አጠጣለሁ። ቧንቧው ደግሞ የጋራ ነው፤ ወረፋ ቆሜ፣ ሴቶቹ «ይኸ ሁሉ ውሃ ለአበባ?» እያሉ ሲያጉረመርሙብኝ አንገቴን ደፍቼ እቀዳለሁ። ቢሮ ገብቼ ታይፑ ላይ ዓይኔ ይከደናል፤ አለቃዬ አንድ ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። እቤት ስገባ ቁስሉ ይጠብቀኛል። ጥቁረቱ ጣቶቹን አልፎ የእግሩን ጀርባ ይዟል። ሽታው ከቤት አልፎ ደጅ ወጥቷል። እሱ አሁንም ቀና ብሎ አበባ ያያል። አበባው ረግፎ አልቋል፣ ቅጠሉም ቡናማ ሆኗል፤ እሱ ግን «ይቺ ጫፏ አረንጓዴ ናት። ውሃ ጨምሪላት» ይላል።

አንድ እሁድ ከቤተክርስቲያን ስመለስ ደጁ ላይ ቆምኩ። ፀሐይ ናላ ታዞራለች። ጽጌረዳዋ ከላይ እስከ ታች ደርቃ በትንሿ ሽውታ ስትንኮሻኮሽ እሰማለሁ። ኦይታ ወንበሩ ላይ ነው፤ ትኩሳት ይዞት ፊቱ ያብረቀርቃል።

«መጣሽ? ውሃ ጨምሪላት እስቲ።»

መጽሐፍ ቅዱሴን መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩ። ወደ ጓዳ ገብቼ የእንጨቱን መጋዝ ይዤ ወጣሁ።

«ምን ልትሠሪ ነው? አገኘሽ! አገኘሽ፣ እንዳትነኪያት!»

ነካኋት። ግንዷን ከጉልበቴ ዝቅ አድርጌ ያዝኩና ገዘገዝኩ። ወፍራም ናት፣ የክንድ ያህል። እሾኋ ክንዴን እስከ ክርኔ ቧጨረው፤ የእሁድ ቀሚሴ በደም ተለወሰ። ኦይታ ይጮኻል። ሊነሳ ሞክሮ ተመልሶ ወደቀ። አንዱን ግንድ ጨርሼ ሌላውን ያዝኩ። ሁሉንም ስጨርስ የቀርከሃውን ግድግዳ ከነሬሳዋ ጎትቼ አጥሩ ጋ ጣልኩት።

«ገደልሻት!» አለኝ።

«ሞታለች! አታይም? ሞታለች! ዕውር ነህ እንዴ? ምናልባት ሥሯ ውስጥ ነፍስ ካለ ትተርፍ እንደሆን ብዬ ነው!»

«ገብቶኛል፤ ነገርሽ ገብቶኛል። እግሬ ጽጌረዳ አይደለም እሺ? ምሳሌ አታድርጊብኝ!»

«እግርህ ምን እንደሆነ አላውቅም። እኔ ምን እንደሆንኩ ታውቃለህ? እኔን አይተኸኝ ታውቃለህ? ደክሞኛል ኦይታ! ውሃው ደክሞኛል፣ ቁስሉ ደክሞኛል፣ ‹እሺ› ማለት ደክሞኛል። በኔ ሞት፣ ወይ ኑር ወይ ሙት፤ መሀል ላይ አትንጠልጥለኝ!»

ከአፌ ከወጣ በኋላ ደነገጥኩ። ባልን ሙት ይባላል? ግን አልመለስኩትም። የተናገርኩት እውነቴን ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አኮረፈኝ። ጧት ቁስሉን ሳጥብ ዝም። ሻይ ስሰጠው ዝም። ቀና ብሎ ሊያይ ቢልም የሚያየው የለም፤ በረንዳው ፊት ባዶ ነው፣ የጎረቤት ቆርቆሮና ሰማይ ብቻ። ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጥቶ ግድግዳውን፣ ጣሪያውን፣ እጁን ያያል። እኔ ጉቶዋን ማጠጣት አልተውኩም፤ ለምን እንደማጠጣ ግን አላውቅም። ምንም አላቆጠቆጠችም። እንደ ማገዶ ቁራጭ ቆማለች።

አንድ ጧት ፋሻውን ፈትቼ፣ ለብ ያለ ውሃ በሳህን ይዤ፣ እግሩ ሥር በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አላስታውስም። ተቀምጬ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ፀሐይዋ ጉልበቴ ላይ ደርሳለች፣ የቢሮ ሰዓት አልፏል። ራሴ የኦይታ ጭን ላይ ነው። ፋሻው ታስሯል። ታስሯል ማለት ተተብትቧል፤ እንደ ልጅ ጫማ ማሰሪያ የተወሳሰበ፣ እዚህ ላላ እዚያ ጠበቅ ያለ።

«ማን አሰረው?» አልኩ ደንግጬ።

«እኔ።» ድምፁ ሌላ ነበር። «ልቀስቅሽ ብዬ ነበር። አላስቻለኝም። እንዲሁ ክፍት ሆኖ ዝንብ ሲያርፍበት... አየሁት።»

«ምኑን አየኸው?»

«እግሬን። አጥንቱን አየሁት አገኘሽ።» እጁ ጭንቅላቴ ላይ ነው። «በየቀኑ ይኼንን ነው የምታጥቢው?»

«በየቀኑ።»

አለቀሰ፤ በትዳር ዘመኔ ኦይታ ሲያለቅስ ሳየው ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው። እኔም አብሬው አለቀስኩ። ሲበቃው በእጁ ጀርባ ፊቱን ጠረገና «ሲሳይን ጥሪው» አለ። «እኔን የሚሸከም ይምጣ።»

ሐኪሙ ዘንድ ስንደርስ ፋሻውን ፈትቶ አየና ጥርሱን ነከሰ። «ያኔ ቢሆን ከጉልበት በታች ነበር» አለ። «አሁን ከጉልበት በላይ ነው። እሱንም ዛሬውኑ።» ኦይታ አልተከራከረም። ወደ ውስጥ ሲወስዱት እጄን ይዞ «ከጉልበት በላይ ይሁን በታች፣ ተመልሼ ስወጣ እዚህ ቁጭ ብለሽ እንዳላይሽ። ሄደሽ ተኚ» አለኝ። አልተኛሁም። ኮሪደሩ ላይ፣ ያ የሲሚንቶ አግዳሚ ላይ፣ ሲስተር ቦንቱ እጄን ይዛ ስትጸልይ «አሜን» ለማለት እንኳ አቅም አጣሁ።

ተረፈ። ጉልበቱ ግን የለም። ያችን ጉልበት ሳስብ እስከዛሬ ያንገበግበኛል። ለምን ቀደም ብዬ አልጮህኩም? ለምን ያን ሁሉ ጊዜ ውሃ ስቀዳ ቆየሁ? ግን የጮህኩትም ጊዜ ነበር፤ ሰሚ ነው ያልነበረው።

ከሆስፒታል ስንወጣ ዝናብ ገብቷል። ሲሳይና ሰዎቹ ኦይታን ከመኪናው አውርደው በወንበር ተሸከሙት። አንደኛው «ዘንድሮማ የዚህ ቤት ተሸካሚ ሆነን ቀረን!» ሲል ኦይታ ሳቀ። ጆሮዬን አላመንኩም።

«የዶርዜ ቤት ሆንኩልህ» አለው ሲሳይን። «አጠርኩ።»

ሲሳይ ሊስቅ ብሎ አልሆነለትም፤ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ።

በረንዳው ጋ ሲደርሱ ኦይታ «ቆይ፣ ቆይ፣ አውርዱኝ» አለ። ጉቶዋን ነው የሚያየው። እኔ ሆስፒታል ከርሜ አላየኋትም ነበር። ከግንዷ ሥር፣ ከአፈሩ ጥግ፣ የአውራ ጣት ያህል ቀይ ለጋ ቡቃያ ወጥቷል። አጠገቡ ሌላ አለ።

ኦይታ ብዙ አያት። አንገቱን ነቀነቀ። «ያን ቀን በመጋዙ ከኔ መጀመር ነበረብሽ» አለኝ።

«መቼ አስነክተኸኝ!» አልኩት።

ሰዎቹ ገብተው ሲያርፉ እኔ እንደ ልማዴ ወደ በርሜሉ ሄድኩ። ዝናቡ ቆሞ ፀሐይ ወጥታ ስለነበር አፈሩ ከላይ መድረቅ ጀምሯል። ባልዲውን ሞልቼ ወደ ጉቶዋ ስመጣ፣ ሳላስበው «ወይ ድካም» አልኩ፤ ለማንም አልነበረም።

«አስቀምጪው» አለኝ ኦይታ።

«ምን?»

«ባልዲውን። እዚህ፣ በእጄ ልክ። ጣሳውን ስጪኝና አንቺ ቁጭ በይ።»

ሰጠሁት። በወንበሩ ጠርዝ ላይ ተንፏቆ፣ አንድ እጁን ተደግፎ፣ በሌላው ከባልዲው ቀድቶ ዘረጋ። የውሃው ግማሽ ጉቶዋ ላይ፣ ግማሹ በቀረችው እግሩ ላይ ፈሰሰ። «ቀስ!» ልለው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። ሌላ ሰው ሲያጠጣት ሳይ የመጀመሪያ ጊዜዬ ነበር።